አረጋውያን በሚኖሩበት ቤት መራጩ ማነው?



በምሠራበት መድኃኒት ቤት ባንኮኒ ላይ ከቅርብ ዓመታት ወዲህ አንድ ዓይነት ጥያቄ እየተደጋገመ ይመጣል። ጠያቂው አብዛኛውን ጊዜ ወጣት ነው። በስልኩ የመድኃኒት ማሸጊያ ፎቶ ይዟል፤ ፎቶውን የላከለት አሜሪካ ያለ ወንድሙ ወይም እህቱ ነው። «እናታችን እዚያ የአረጋውያን መንከባከቢያ ቤት ገብታለች። ይህን ይሰጧታል። ከዚያ ወዲህ ቀኑን ሙሉ ታንቀላፋለች፤ ስናነጋግራትም አትመልስም። ምንድነው ነገሩ?» ይለኛል። ሌላ ጊዜ ደግሞ እዚሁ ሰፈር ያለች ልጅ ትመጣና «አያቴ ሌሊት ሌሊት እየተነሡ አስቸገሩን፤ የሚያስተኛቸው ነገር ስጪኝ» ትላለች። የሐኪም ማዘዣ ግን አልያዘችም።

አንዱ ጥያቄ ከባሕር ማዶ፣ ሌላው ከጎረቤት ይምጣ እንጂ ምንጫቸው አንድ ነው። ሰው አርጅቶ በሌሎች እጅ ላይ ሲወድቅ ስለ እንቅልፉ፣ ስለ ምግቡ፣ ስለ ሶላቱና ስለ መድኃኒቱ የሚወስነው ማነው? የዚህ ወር ዓምዳችን ይህንኑ ይመለከታል። አስቀድሜ የአሜሪካኖቹን ሕግና ልምድ አቀርባለሁ። ብዙ ወገኖቻችን ወላጆቻቸውን ይዘው የሚኖሩት እዚያ ነው። በእነዚህ ቤቶች ውስጥ አረጋውያኑን የሚያጥቡት፣ የሚያጎርሱትና ሌሊት የሚያገላብጡት ሠራተኞች ከእኛው አገር የሄዱ እኅቶችና ወንድሞች የሆኑባቸው ከተሞችም ጥቂት አይደሉም። ከዚያም ወደ አገራችን እመለሳለሁ።

የአረጋውያን ቤት ሲነሣ በእኛ ዘንድ የሚሰማው የመጀመሪያ ቃል «ነውር» ነው። ወላጅን በእጅ መንከባከብ ምን ያህል ትልቅ ዒባዳ እንደሆነ ለዚህ መጽሔት አንባቢ መንገር ለቀባሪው ማርዳት ይሆንብኛል። ነገር ግን ባልና ሚስት ሁለት ፈረቃ በሚሠሩበት አገር፣ የመርሳት ሕመም የያዛት እናት ሌሊት በር ከፍታ በረዶ ውስጥ ስትወጣ የደረሰበት ቤተሰብ ሌላ መውጫ ያጣበት ጊዜ አለ። እኔን የሚያሳስበኝ ነውሩ ራሱ የሚያመጣው ጉዳት ነው። ልጆች ካስገቡ በኋላ ያፍራሉ። ስለሚያፍሩም ለሰው አያማክሩም፣ ጉብኝታቸው ይሳሳል፣ ቤቱን ለመጠየቅም አንደበታቸው ይያዛል። ጠያቂ የሌለው አረጋዊ ደግሞ ማንም እንደፈለገ የሚያደርገው ይሆናል።

ሕጉ ምን ይላል?

እ.ኤ.አ. በ1986 የአሜሪካ የሕክምና ኢንስቲትዩት በመንከባከቢያ ቤቶች ላይ ትልቅ ጥናት አወጣ። በብዙ ቤቶች ነዋሪዎች ችላ እንደሚባሉና እንደሚበደሉ፣ የነበረውም ቁጥጥር ደካማ እንደሆነ አስታወቀ። በዚያን ጊዜ አረጋውያንን ከአልጋና ከወንበር ጋር ማሰር የተለመደ ነበር፤ ሠራተኞቹም «እንዳይወድቁ ብለን ነው» ይሉ ነበር። በቀጣዩ ዓመት በዲሴምበር 1987 ፕሬዝዳንት ሬገን የፈረሙት ሕግ ነገሩን ከሥሩ ለወጠው። ሜዲኬርና ሜዲኬይድ ከሚባሉት የመንግሥት የጤና መድኖች ገንዘብ የሚቀበል የነርሲንግ ቤት ሁሉ እያንዳንዱ ነዋሪ በአካልም በአእምሮም በማኅበራዊ ኑሮውም ሊደርስበት የሚችለውን ከፍተኛ ደረጃ እንዲያገኝ ወይም ያለውን እንዳያጣ የማድረግ ግዴታ አለበት ተባለ። ልብ በሉ፤ መለኪያው የግድግዳው ቀለም ወይም የአልጋው ብዛት ሳይሆን ሰውየው ራሱ ሆነ።

ነዋሪው ሐኪሙን ይመርጣል። የሚሰጠው መድኃኒት ምን እንደሆነ የማወቅና ሕክምናን እምቢ የማለት መብት አለው። የሚነሣበትንና የሚተኛበትን ሰዓት ይመርጣል። ቦታ እስከፈቀደ ድረስ የራሱን ልብስና ዕቃ ይጠቀማል። ደብዳቤው ሳይከፈት ይደርሰዋል፤ ስልክ ሲያነጋግር ጆሮ የሚጥልበት ሊኖር አይገባም። ለሠራተኛው እንዲመች ተብሎ በገመድም ሆነ በመድኃኒት አይታሰርም። ካለ በቂ ምክንያት አይባረርም፤ ምክንያት ቢኖርም እንኳ በአብዛኛው የ30 ቀን ማስታወቂያ ይሰጠዋል። የሚንከባከቡት ረዳቶች ቢያንስ የ75 ሰዓት ሥልጠና መውሰድ አለባቸው። አቤቱታ ያለው ነዋሪ ወይም ቤተሰብ በየግዛቱ የሚገኘውን የመንከባከቢያ ቤቶች እንባ ጠባቂ ያለ ክፍያ ማናገር ይችላል። ይህን የመጨረሻውን ብዙ ወገኖቻችን አያውቁትም፤ ቤቱ በር ላይ ስልክ ቁጥሩ ተለጥፎ እያለ ማለቴ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መለየት ያስፈልጋል። ይህ ሁሉ የሚመለከተው የነርስ አገልግሎት ያለባቸውን ቤቶች ነው። ቀለል ያለ ድጋፍ ብቻ የሚሰጥባቸው የአረጋውያን መኖሪያዎች በየግዛቱ ሕግ ስለሚተዳደሩ ደንባቸው ይለያያል። ፊርማ ከማስቀመጥ በፊት ቤቱ ከየትኛው ወገን እንደሆነ መጠየቅ ይበጃል።

ያልተበደለው ፎቅ

ምርጫ ቅንጦት ነው የሚል ካለ እ.ኤ.አ. በ1976 የወጣውን ጥናት ያስብ። ኤለን ላንገርና ጁዲት ሮዲን የተባሉ ሁለት የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች ኮነቲከት ግዛት ውስጥ አርደን ሃውስ በሚባል ቤት የሁለት ፎቅ ነዋሪዎችን አነጻጸሩ። ለአንደኛው ፎቅ ነዋሪዎች የቤቱ ኃላፊ «የክፍላችሁ አቀማመጥም ሆነ ጊዜያችሁን የምታሳልፉበት ሁኔታ በእናንተ እጅ ነው፤ ቅሬታ ካላችሁም ንገሩን» የሚል መንፈስ ያለው ንግግር አደረገላቸው። ተክል የሚፈልግ መርጦ እንዲወስድና ራሱ ውኃ እንዲያጠጣ፣ የፊልም ምሽቱንም ራሱ እንዲመርጥ ተደረገ። ለሁለተኛው ፎቅ ግን ሠራተኞቹ ሁሉን እንደሚያደርጉላቸው ተነገራቸው። ተክሉም ተሰጣቸው፣ ውኃ የምታጠጣው ነርሷ ሆነች፤ የፊልሙም ቀን ተነገራቸው።

ከሦስት ሳምንት በኋላ በተደረገው ምዘና ከመጀመሪያው ፎቅ 93 ከመቶዎቹ መሻሻል ሲታይባቸው ከሁለተኛው ፎቅ መሻሻል የታየባቸው 21 ከመቶ ብቻ ነበሩ። ከ18 ወር በኋላ ሲታይ ከመጀመሪያዎቹ 47 ሰዎች 7፣ ከሁለተኛዎቹ 44 ሰዎች ደግሞ 13 ሞተው ተገኙ። ጥናቱ ትንሽ ነው። በሞት ቁጥር ላይ የታየው ልዩነትም እንደ ጽኑ ማስረጃ የሚያዝ እንዳልሆነ ተመራማሪዎቹ ራሳቸው ኋላ ባወጡት እርማት አሳይተዋል። ስለዚህ ከሞቱ ይልቅ እኔን የሚደንቀኝ ሌላው ነው። ሁለተኛው ፎቅ አልተበደለም። ማንም አልጮኸበትም፣ አልራበም፣ አልቆሸሸም። በደግነት ሁሉ ነገር ተደረገለት፤ የጎደለው ነገር ቢኖር የሚወስነው ነገር ማጣቱ ብቻ ነበር።

ዝም የሚያሰኘው ክኒን

አሁን ወደ ሙያዬ ልግባ። ማሰሪያ ሁሉ በዓይን አይታይም። ሃሎፔሪዶል፣ ሪስፐሪዶን፣ ኦላንዛፒንና ኩዊታፒን የሚባሉት መድኃኒቶች የተሠሩት እንደ ስኪዞፍሬንያ ላሉ ከባድ የአእምሮ ሕመሞች ነው። የመርሳት ሕመም ያለባቸው አረጋውያን ሲጮኹ፣ ሲመላለሱ ወይም ሲታጠቡ ሲታገሉ ግን ለማረጋጋት ይሰጧቸዋል። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2005 አሥራ ሰባት ጥናቶችን አገናዝቦ ከባድ ማስጠንቀቂያ አወጣ። አሥር ሳምንት ገደማ በሚቆይ ጥናት ከአዲሶቹ መድኃኒቶች ከወሰዱት የመርሳት ሕሙማን አረጋውያን 4.5 ከመቶ ሲሞቱ፣ መድኃኒት የሌለበት ክኒን ከወሰዱት የሞቱት 2.6 ከመቶ ነበሩ። ሞቱም በአብዛኛው ከልብና እንደ ሳንባ ምች ካሉ ኢንፌክሽኖች ጋር የተያያዘ ነበር። በ2008 ማስጠንቀቂያው እንደ ሃሎፔሪዶል ያሉትን የቆዩ መድኃኒቶችም እንዲጨምር ተደረገ።

ይሁንና እ.ኤ.አ. በ2011 መጨረሻ በአሜሪካ ቤቶች ለረጅም ጊዜ ከሚኖሩት ከመቶው 24 ገደማ የሚሆኑት እነዚህን መድኃኒቶች ይወስዱ ነበር። በ2012 መንግሥት ዘመቻ ጀመረና ቁጥሩ በጥቂት ዓመታት ወደ 15 ከመቶ አካባቢ ወረደ። ደስ ይላል፤ ነገር ግን ታሪኩ በዚህ አላበቃም። ስኪዞፍሬንያ ያለበት ነዋሪ በዚህ ቆጠራ ውስጥ አይገባም። ኒው ዮርክ ታይምስ ጋዜጣ በ2021 እንዳጋለጠው በየቤቱ ያለ በቂ ማስረጃ «ስኪዞፍሬንያ አለባቸው» የተባሉ አረጋውያን በዝተው ነበር። በጃንዋሪ 2023 መንግሥት ይህን አመዘጋገብ በኦዲት እንደሚመረምር አስታወቀ። ስኪዞፍሬንያ በአብዛኛው የሚጀምረው በወጣትነት ነው። ዕድሜውን ሙሉ ሲነግድ፣ ልጅ ሲያሳድግና መስጊድ ሲመላለስ የኖረ አባት በ80 ዓመቱ ይህ ስም በካርዱ ላይ ከተጻፈበት፣ ማን መርምሮ በምን ማስረጃ እንደጻፈው መጠየቅ የልጆቹ መብት ነው።

መድኃኒቱ ፈጽሞ አያስፈልግም ማለቴ አይደለም። ሰውየው በከባድ ጭንቀት ሲሠቃይ ወይም ራሱን ሲጎዳ ሐኪም በትንሽ መጠን ለአጭር ጊዜ ሊያዝዘው ይችላል። ይህን ያነበበ ሰው በገዛ ፈቃዱ ቀጥ አድርጎ እንዳያቋርጥም አደራ እላለሁ፤ በድንገት ማቋረጥ የራሱ ጣጣ አለው። ጥያቄው ከክኒኑ በፊት ምን ታየ የሚለው ነው። ሕመም አለባቸው? ሆድ ድርቀት? ሽንት ተይዞባቸው ወይም የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ይዟቸው ይሆን? መነጽራቸው የት ሄደ? የጆሮ መስሚያው ባትሪ አልቆ ይሆን?

ከሁሉም በላይ ደግሞ ቋንቋው አለ። የመርሳት ሕመም የያዘው ሰው ኋላ የተማረውን ቋንቋ ቀድሞ ያጣና ወደ አፍ መፍቻው ሊመለስ ይችላል። በእንግሊዝኛ ስትግባባ የነበረች እናት ስልጢኛ ወይም ኦሮምኛ ብቻ ስትናገር የሚሰማት የለም። ወገቧን አሟት የምትጮኸው ጩኸት በመዝገብ ላይ «ሁከት» ተብሎ ሊሰፍር ይችላል። ለፈጅር ሶላት የምትነሣ እናት «የእንቅልፍ መዛባት»፣ ሱጁድ ለመውረድ የምትሞክር ደግሞ «የመውደቅ አደጋ» ተብላ ልትጻፍ ትችላለች። እንዲህ ሲሆን የሚቀጥለው እርምጃ ክኒን ነው።

እዚሁ አገር «የሚያስተኛ ስጪኝ» ለምትለዋ ልጅ የምመልሰውም ይኸው ነው። ዳያዜፓም በወጣት ሰውነት ውስጥ እንኳ ቶሎ አይወጣም፤ በአረጋዊ ሰውነት ውስጥ ደግሞ ለቀናት ይቆያል። የዛሬው ክኒን ሳይወጣ የነገው ይደረብበታል። አያትየው ሌሊት ለሽንት ሲነሡ እግራቸው ይከዳቸዋል፤ የዳሌ አጥንት ስብራት የሚመጣው እንዲህ ነው። አሚትሪፕቲሊን፣ ፕሮሜታዚንና ክሎርፌኒራሚንም በአረጋውያን ላይ አፍ ያደርቃሉ፣ ሆድ ያደርቃሉ፣ ሽንት ይይዛሉ፣ አእምሮንም ያደናግራሉ። ማርክ ቢርስ የተባሉ አሜሪካዊ የአረጋውያን ሐኪም በ1991 በመንከባከቢያ ቤት ለሚኖሩ አረጋውያን የማይመከሩ መድኃኒቶችን ዝርዝር ያወጡት በዚህ ምክንያት ነው። ዝርዝሩ እየታደሰ እስካሁን ይሠራበታል፤ በ2023 የታደሰውም እነዚህን አራቱንም ይዟል።

ከሙያዬ አንጻር የምቀናበት አንድ ደንብ ልንገራችሁ። በአሜሪካ የነርሲንግ ቤቶች የእያንዳንዱ ነዋሪ መድኃኒት ቢያንስ በወር አንድ ጊዜ ፈቃድ ባለው ፋርማሲስት መመርመር አለበት። «ሲያስፈልግ ይሰጥ» ተብሎ የሚታዘዝ የአእምሮ መድኃኒትም ከ14 ቀን በላይ ዝም ብሎ አይቀጥልም፤ ሐኪሙ ምክንያቱን ማስፈር፣ ለእነዚያ ለስኪዞፍሬንያ ለተሠሩት መድኃኒቶች ደግሞ ነዋሪውን እንደገና ማየት አለበት። ቤተሰብ የዚህን ወር የፋርማሲስት አስተያየት ቢጠይቅ እንደ ድፍረት የሚቆጥረው ሊኖር አይገባም።

«እምቢተኛው» ሐጂና የሽንት ክኒን

የልብ ድካም ላለባቸው አረጋውያን ፉሮሴማይድ ይታዘዛል፤ ብዙዎቻችሁ ላሲክስ በሚለው ስሙ ታውቁታላችሁ። በአፍ ሲወሰድ በአንድ ሰዓት ውስጥ ሥራ ይጀምርና ስድስት፣ አንዳንዴም ስምንት ሰዓት ያህል ያሸናል። አንድ ሐጂ ሁልጊዜ ጠዋት የሚውጡትን ይህን ክኒን ጁምዓ ጁምዓ እምቢ ይላሉ እንበል። መዝገቡ ላይ «መድኃኒት አይቀበሉም» ተብሎ ይጻፋል። ብልጥ ነኝ ያለ ሠራተኛ ደግሞ ፈጭቶ በሾርባ ውስጥ ሊሰጣቸው ያስባል። ሐጂ ግን መድኃኒቱን አልጠሉም፤ ኹጥባ ላይ ተቀምጠው ውዱእ እንዳይፈርስባቸው፣ ከሰው መሐል ሮጠው እንዳይወጡ ፈርተው ነው። ሐኪሙ ከተስማማ የጁምዓውን ክኒን ከሶላት በኋላ ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ ማድረግ ይቻላል። ወደ ምሽት ግን አይገፋም፤ ሌሊቱን ሙሉ ሽንት ቤት ሲያመላልሳቸው ሊወድቁ ይችላሉ። ምንም ወጪ የሌለው ነገር ነው፤ የጎደለው «ለምን እምቢ አሉ?» ብሎ የጠየቀ ሰው ነበር።

ፈጭቶ መደበቅን ካነሣሁ አይቀር፣ ሁሉም ክኒን አይፈጭም። ኒፈዲፒን ሪታርድን የመሰለ ቀስ እያለ የሚለቀቅ የደም ግፊት ክኒን ከተፈጨ መጠኑ ሁሉ በአንዴ ሰውነት ውስጥ ይገባና ግፊቱን አደገኛ በሆነ ሁኔታ ሊያወርደው ይችላል። መዋጥ ለሚቸገሩ ሰዎች በፈሳሽ መልክ የተሠራ ወይም ሌላ ተመጣጣኝ መድኃኒት መኖሩን ፋርማሲስት ይጠየቅ። የካፕሱል ሽፋን ከምን እንደተሠራ የሚያሳስባቸው ወላጆችም አሉ። ጀላቲኑ ከአሳማ ሊሆን ስለሚችል ያንኑ መድኃኒት በጠፍጣፋ ክኒን ማግኘት ይቻል እንደሆነ መጠየቅ ቀላል ነው፤ ብዙ ጊዜም ይገኛል። አማራጭ ሲጠፋ ምን ይደረግ የሚለው የዑለማዎች ጉዳይ ስለሆነ ለእነርሱ እተዋለሁ።

የሚያጥበው ማነው የሚለው ሌላው ነው። ሴት አረጋዊት በሴት፣ ወንዱም በወንድ መታጠብ ከፈለጉ ይህ ሲገቡ መነገርና መጻፍ አለበት። ለውዱእ ማስታጠቢያና መቀመጫ፣ ውኃ ለማይችል የተየሙም መንገድ፣ ተቀምጦ ለመስገድ ወደ ቂብላ የዞረ ወንበር፣ እነዚህ ሁሉ በጽሑፍ መስፈር ያለባቸው ፍላጎቶች ናቸው። በአሜሪካ ደንብ ነዋሪው በገባ በ48 ሰዓት ውስጥ የመጀመሪያው የእንክብካቤ ዕቅድ መዘጋጀት አለበት። ስለዚህ ሻንጣ በሚፈታበት ቀን መናገር እንጂ ቅሬታ እስኪጠራቀም መጠበቅ አያስፈልግም።

ማዕዱ

በመንከባከቢያ ቤት ክብደት መቀነስ ትልቁ የአደጋ ምልክት ነው። ባለሙያዎቹ በአንድ ወር 5 ከመቶ ወይም በስድስት ወር 10 ከመቶ መቀነስን እንደ አሳሳቢ ይቆጥሩታል። 60 ኪሎ የነበረች እናት በአንድ ወር ውስጥ 3 ኪሎ ከጣለች «እርጅና ነው» ብሎ ማለፍ አይገባም። ደንቡ በእራትና በማግስቱ ቁርስ መካከል ከ14 ሰዓት በላይ እንዳይኖር ያዛል፤ 16 ሰዓት ሊደርስ የሚችለው ማታ የሚያጠግብ መክሰስ ተሰጥቶ ነዋሪዎቹም ሲስማሙ ነው። እራቱ 11 ሰዓት ተኩል ላይ ከቀረበ ቁርሱ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ተኩል ማለፍ የለበትም ማለት ነው። በ2016 የታደሰው ደንብ ደግሞ የምግቡ ዝርዝር የነዋሪዎቹን ሃይማኖትና ባህል ከግምት እንዲያስገባ ይጠይቃል። ሐላል ምግብ መጠየቅ ልመና አይደለም።

ልጆች በቅን ልቦና የሚያጠብቁት የምግብ ክልከላም አለ። «ጨው የለም፣ ስኳር የለም፣ ቅባት የለም» ሲባል በመጨረሻ ሳህኑ ላይ የቀረው ነገር ሰው የሚበላው አይሆንም። የአሜሪካ የአመጋገብ ባለሙያዎች ማኅበር በ2010 ባወጣው አቋም በእነዚህ ቤቶች ላሉ አረጋውያን ምግቡ እንደየሰውየው ታይቶ ክልከላው ቢላላ እንደሚበጅ ገልጿል። ለ85 ዓመት እናት ዛሬ አለመብላቷ ስኳሩ ትንሽ ከፍ ከማለቱ በላይ ሊጎዳት ይችላል። አረጋውያን በኪሎ ክብደታቸው ከ1 እስከ 1.2 ግራም ፕሮቲን በቀን እንዲያገኙ ይመከራል፤ የኩላሊት ሕመም ያለበት ሐኪሙን ይጠይቅ። ለ60 ኪሎ ሰው ከ60 እስከ 72 ግራም ይሆናል። አንድ እንቁላል 6 ግራም ገደማ እንደሚሰጥ ካሰባችሁ ሻይና ዳቦ ብቻ ምን ያህል እንደማያደርስ ይገባችኋል። ጥርስ ለሌለው በእንቁላል የተፈተፈተ እንጀራ፣ ሽሮ፣ የምስር ሾርባ፣ እርጎና በወተት የተሠራ አጥሚት ይስማማል።

የውኃ ጥም ስሜት ከዕድሜ ጋር ይቀንሳል። አንዳንዶቹም ሽንት ቤት የሚወስዳቸውን ሰው ላለማስቸገር ሲሉ ሆን ብለው አይጠጡም። ይህን የሚነግሩት ለሚያምኑት ሰው ብቻ ነው። ረመዷን ላይ መጾም የሚፈልግ ነዋሪም አለ። ኢንሱሊን ወይም ግሊቤንክላሚድ የሚወስድ ሰው ስኳሩ በድንገት ሊወርድ ስለሚችል ከሐኪም ጋር አስቀድሞ መመካከር ግድ ነው። ሸሪዓው ለማይችለው ሰው ያደረገውን ማቅለልና የፊድያን ጉዳይ ኢማም ቢያስረዳቸው፣ ሠራተኛው ምግብ በግድ ከሚያጎርሳቸው እጅግ የተሻለ ነው።

ወደ አገራችን ስንመለስ

በአገራችን የአረጋውያን ቤት ሲባል በአመዛኙ ጧሪ ቀባሪ ያጡ ወገኖች የሚሰበሰቡበት የበጎ አድራጎት ማዕከል ነው። ከጎዳና ላይ የወደቁትን በማንሣት የሚታወቀው የመቄዶንያ የአረጋውያንና የአእምሮ ሕሙማን መርጃ ማዕከል የሁላችንንም ክብር ያገኘ ነው። የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 41 ንዑስ አንቀጽ 5 መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን አረጋውያንን እንዲረዳ ይደነግጋል። የተባበሩት መንግሥታት በ1991 ያጸደቃቸው የአረጋውያን መርሆዎች በማንኛውም መጠለያ የሚኖር አረጋዊ ክብሩ፣ እምነቱና ገመናው ተጠብቆ ስለ እንክብካቤው እንዲወስን ይላሉ። የአፍሪካ ኅብረት በጃንዋሪ 2016 እዚሁ አዲስ አበባ ላይ ያጸደቀውና በኖቬምበር 2024 ሥራ ላይ የዋለው የአረጋውያን መብቶች ፕሮቶኮልም የቤት ውስጥ መኖሪያ እንክብካቤ በምርጫ እንዲሆንና ዝቅተኛ መለኪያ እንዲወጣለት ይጠይቃል።

«በምጽዋት በሚተዳደር ቤት ምን ምርጫ አለ? መጠለያ ማግኘታቸውም አልሐምዱሊላህ ነው» የሚሉ ሰዎች አጋጥመውኛል። አልስማማም። በስማቸው መጥራት፣ ከመግባት በፊት ማንኳኳት፣ ጠዋት ነው ማታ መታጠብ የሚፈልጉት ብሎ መጠየቅ፣ ከማን ጋር መተኛት እንደሚሻሉ ማወቅ ገንዘብ አይጠይቅም።

ሰደቃ ይዘን የምንሄደው እኛም ብንሆን ማዕከሉን ሳንጠይቅ በዒድ ዕለት ጣፋጭና ቅባት እንከምራለን፤ ከሚበሉት ውስጥ ስንቱ ስኳር እንዳለበት አናውቅም። አረጋዊውን ሳናስፈቅድ ከእንጀራው ጋር ፎቶ እናነሣዋለን። ቤት ውስጥ የተረፈ፣ የተከፈተና ቀኑ ሊያልፍ የደረሰ መድኃኒትም ይዘን እንሄዳለን። የዓለም ጤና ድርጅት የመድኃኒት ስጦታ መመሪያ መድኃኒቱ ሲደርስ ቢያንስ የአንድ ዓመት ዕድሜ እንዲኖረው ይጠይቃል። የሚሻለው ማዕከሉ የጎደለውን መድኃኒት ስም ጠይቆ ገዝቶ መስጠት ነው።

ትልቁ የአረጋውያን ቤታችን ግን የየራሳችን ቤት ነው። አያትን ሶፋ ላይ አስቀምጠን፣ ከኩሽና አባረን፣ «እርስዎ ይረፉ» ስንል አርደን ሃውስ ሁለተኛው ፎቅ ላይ አስቀመጥናቸው ማለት ነው። ምስር ይልቀሙ፣ ቡናውን ይቁሉ፣ የትኛውን ነጠላ እንደሚለብሱ ይምረጡ። ሐኪም ዘንድ ሲሄዱ ደግሞ ሐኪሙ እርስዎን ትቶ ልጅዎን ማናገር ከጀመረ፣ «እኔን ይጠይቁኝ» ቢሉ ነውር የለበትም።

ወላጁ ባሕር ማዶ ያለበት ሰው በየወሩ የመድኃኒቱን ዝርዝር በጽሑፍ እንዲሰጡት ይጠይቅ። በእያንዳንዱ ስም ፊት ለምን እንደሚሰጥ፣ ከመቼ ጀምሮ እንደሆነና መቼ እንደገና እንደሚታይ የተጻፈ ይሁን። ለምን እንደሚሰጥ የተጻፈበት ቦታ ባዶ የሆነበት መድኃኒት ካለ ስልክ የሚደወለው ስለዚያ ነው። ዝርዝሩን ይዞ በአቅራቢያው ወዳለ መድኃኒት ቤት ቢሄድም የሚያነብለት ባለሙያ አያጣም።

በሚቀጥለው ወር ኢንሻአላህ የስኳር ሕመም ያለባቸው ሰዎች ከረመዷን በፊት ከሐኪማቸው ጋር ስለሚመካከሩበት የመድኃኒት ሰዓት እንመለከታለን።

ወሰላሙ ዓለይኩም ወራሕመቱላህ።